የእንስሳ ቅርጽ ያለው የልጅ ብርድ ልብስ፦ ጨርቁ ከድሬ፣ ስፌቱ ከሐረር

ጥያቄ፦ ሰላም ድሬዎች። የሦስት ዓመት ልጅ አለችኝ። እነዚያ ካሬ ካሬ ሆነው የሚገጣጠሙት፣ ስፌታቸው ወደ ውጪ ወጥቶ ዘርፍ ዘርፍ የሚለው፣ የኤሊ ወይም የአንበሳ ቅርጽ ያላቸው የፍላኔል ብርድ ልብሶች አሉ አይደል? ማሰፋት ፈልጌ ነበር። ጨርቁን የት ልግዛ? ስንት ሜትርስ ይበቃል? ማንስ ይስፋልኝ?

መልስ፦ አቦ እህቴ፣ ባጭሩ ጨርቁን እዚሁ ድሬ ግዢ፣ ስፌቱን ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አሰፊ፣ መቀሱን ግን ለማንም አትስጪ። ረጅሙን ከፈለግሽ ቀጥዪ።

ጨርቁ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሸወደው። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ገብተሽ «ፍላኔል አለ?» ካልሽ ያንን ጸጉራም፣ ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀልጥ የሚመስለውን ነው የሚያወጡልሽ። አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ለሌላ ነገር ጥሩ ነው፣ ለዚህ አይሆንም፣ ምክንያቱም የዚህ ብርድ ልብስ ውበቱ ተቆራርጦ ሲታጠብ የጠርዙ ክር እየተፈታ መንጨባረሩ ነው፣ ፖሊስተሩ ደግሞ ብትቆርጪው ብታጥቢው ክሩ አይፈታም። የሚያስፈልግሽ ተሸምኖ የተሠራ ጥጥ ነው። ጠርዙን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው፣ ክር ተመዞ ከወጣ ደህና። ካልተማመንሽ ትንሽ ክር ለምነሽ ከሱቁ ውጪ በላይተር አቃጥዪው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈረፈራል። ፖሊስተር ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይደርቃል። ሻጩ ከተኮሳተረ ሌላ ሱቅ አለ።

እኔን ብትጠይቂኝ አዲስም አልገዛም። ከፊራ ገበያ ወርደሽ ሰልባጅ ውስጥ ወፍራም የወንድ ካሬ ሸሚዝ፣ ፒጃማ፣ ካገኘሽም የፍላኔል አንሶላ ፈልጊ። ታጥቦ ታጥቦ የሚሰበሰበውን ያህል ተሰብስቧል፣ የሚለቀውን ቀለም ለቋል፣ ለስላሳም ነው። ችግሩ ክርኑና አንገቱ አካባቢ የሳሳ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ወደ ፀሐይ ዘርግተሽ እዪው፣ ብርሃን በደንብ የሚያሳልፈውን ቦታ ዝለዪው። አዲስ ጨርቅ ከቀላቀልሽበት ግን ሳትቆርጪ በፊት በሙቅ ውኃ እጠቢው፣ አለበለዚያ አንዱ ካሬ ሲያጥር ሌላው ይሸበሸብብሻል።

ስንት ሜትር ላልሽው፣ ካሬውን 15 በ15 ሳንቲም ቁረጪ። ለስፌት ከየጎኑ አንድ ሳንቲም ተኩል ገደማ ትተዪለታለሽ፣ ስለዚህ ሲሰፋ 12 ይሆናል። ሰባት በሰባት ብትደረድሪ 49 ካሬ ነው፣ ፊትና ጀርባ 98። ስፋቱ 110 ሳንቲም የሆነ ጨርቅ ከሆነ ሁለት ሜትር ከሩብ ይበቃዋል። ለጭንቅላትና ለእግር ግማሽ ሜትር ጨምሪ።

መሃሉስ? ድሬ ከሆንሽ ምንም አትክተቺ። ሁለቱ ፍላኔል ራሱ ለዚህ ሙቀት ይበዛል። ሐረር ግን ከፍ ያለ ቦታ ነው፣ ማታ ይበርዳል፣ እዚያ ያረጀ ጋቢ ቆርጦ መሃሉ ማስገባት ከሱቅ ፋይበር ይሻላል። የመሃሉን ካሬ ግን 11 ሳንቲም አድርጊው፣ ስፌቱ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ እያንዳንዱን ካሬ ከጥግ ጥግ በመስቀለኛ ማሰፋት ነው፣ ሲታጠብ እንዳይንሸራተት።

ወደ ሰፊዎቹ እንምጣ። ድሬ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሞክሬአለሁ። መጋረጃና ፍራሽ ልብስ የሚሰፉት መኪናቸው ጠንካራ ነው፣ ፈጣን ናቸው፣ ግን ቀጥ ያለ ነገር ነው የለመዱት፣ ጆሮና ጅራት ሲባል ይሰለቻሉ። የሴት ልብስ ሰፊዎቹ እጃቸው ረቂቅ ነው፣ ቅርጽ ይገባቸዋል፣ ሆኖም አራት ድርብ ፍላኔል ላይ ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና ትንገዳገዳለች፣ መብራት ከጠፋ ደግሞ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት። አንዱ ሰፊማ ስፌቱ ወደ ውጪ መውጣቱን ስህተት መስሎት፣ ሊያግዘኝ ብሎ፣ ጠርዙን ሁሉ ከርክሞ ኦቨርሎክ አድርጎ ሰጠኝ! አመሰግናለሁ ከማለት ሌላ ምን ይባላል።

መኪና ግርግር የሚሻለው ለዚህ ነው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል ስትወርጂ፣ ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። በእግር የምትሠራዋ ሲንጀር ወፍራም ነገር አትፈራም፣ መብራትም አትጠብቅም። ደግሞ ሰፊው መንገድ ላይ ስለተቀመጠ አጠገቡ ቆመሽ «አባባ፣ ጀርባና ጀርባው ይግጠም፣ ስፌቱ ወደ ላይ ይውጣ» ማለት ትችያለሽ። ከድሬ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ይቻላል። ቆርጠሽ፣ ደርድረሽ፣ በስፒል አያይዘሽ ሂጂ። ዋጋውን በሥራው ተነጋገሪ፣ በካሬ አትቁጠሪለት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ኤሊ ይሻልሻል። ካሬዎቹ ተገጣጥመው ካለቁ በኋላ በጠመኔ ክብ አስምሪበት፣ ከመስመሩ ውጪ አንድ ሳንቲም ተኩል ትተሽ የተረፈውን ቁረጪ፣ ከዚያ ጭንቅላቱና እግሮቹ ከጀርባ በኩል ጠርዙ ላይ ተደርበው በመስመሩ ላይ ዙሪያው ይሰፋ። አንበሳ ከፈለገች ክቡ ፊቱ ይሆናል፣ ዘርፉ ጋማ ነው።

መቀሱን ለማንም አትስጪ፣ ዘርፉን ራስሽ ቁረጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው፦ ሥራው ስለሚያደክም ሰፊው ይጣደፋል፣ ከተጣደፈ ስፌቱን ይበጥሳል። ከስፌቱ ውጪ የቀረውን ጠርዝ በየአንድ ሳንቲሙ ትቆርጫለሽ፣ ከክሩ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሲቀርሽ ትቆሚያለሽ። መቀሱ ጫፉ ድረስ የሚቆርጥ ይሁን። በአንድ ማታ ልጨርስ ካልሽ አውራ ጣትሽን ተሰናበቺው።

ዓይኑን በክር አስጠልፊ። ቁልፍ አይሆንም፣ ልጅ ነቅሎ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ይህ የወለል መጫወቻ ነው፣ ሲተኛ አልጋው ውስጥ አይገባም።

ሌላ ጠያቂ፦ እኛ ሐረር ነን። ልጄ ጅብ ካልሆነ ብሏል። ይቻላል?

መልስ፦ ሀሀ፣ ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ጅብ ሲበላ እያየ ያደገ ልጅ ኤሊ ምን ያደርግለታል! ይቻላል ወንድሜ። ግራጫና ቡናማ ሸሚዝ ፈልግ፣ ጆሮውን ክብ አድርገህ አስቆርጠው፣ ነጠብጣቡን ከጥቁር ጨርቅ ሳይቀመቀም መሃሉን ብቻ አስሰፋው፣ ጠርዙ ራሱ ይንጨባረራል። ጥርስ ግን አትጨምርበት፣ ማታ የሚለብሰው እሱ ነው።

የመጀመሪያዋ ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ልክተተው?

መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እጥበቶች በእጅ አድርጊው፣ የሚወጣው ብናኝ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ ሲደርቅ በደንብ አራግፊው፣ ዘርፉ ያኔ ነው የሚነሳው። ጎረቤት ነጭ ልብስ አስጥታ ከሆነ ግን እስክታነሳ ጠብቂ፣ ኋላ ጸብ ነው።