ጥቁር አፈር ላይ ኮንክሪት ያፈሰሰ ሰው ካለ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮዬ ውስጥ 3 በ4 ሜትር የሆነች የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ልሠራ ነው። የምኖረው አቃቂ አካባቢ ነው፤ መሬቱ ጥቁር አፈር። በክረምት ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ ስንጥቁ እጅ ያስገባል።

አምና አንድ ግንበኛ ሣሩን ገፎ፣ ድንጋይ ደርድሮ፣ 10 ሴንቲ ኮንክሪት አፈሰሰልኝ። ፌሮ (የውስጥ ብረት) የለውም። «ለዕቃ ቤት ምን ያደርጋል?» ሲለኝ ብር የቆጠብኩ መስሎኝ ዝም አልኩ። ውሃም ያጠጣነው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ወለሉ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። የአንድ ብር ሳንቲም ቆሞ ይገባበታል። አንዱ ወገን ደግሞ በሁለት ጣት ከፍ ብሏል። በር እንዴት ይገጠምበታል?

አሁን አፍርሼ እንደ አዲስ ልጀምር ነው። ጥቁሩን አፈር ግማሽ ሜትር አውጥቼ፣ ሰሌክት (ከውጭ የሚመጣ የተመረጠ የሙሌት አፈር) በየ20 ሴንቲው እየጠቀጠቅኩ ብሞላ ይበቃል? ወይስ አንድ ሜትር ልውረድ? ፌሮውስ ባለ 8 ሚሊ ሜትር በየ20 ሴንቲው ቢታሰር ይሆናል? የጎረቤት ጣሪያ ውሃም (ይሄ ሌላ ጣጣ ነው) በቀጥታ ወደ እኔ ነው የሚወርደው። ዙሪያውን ቦይ ባወጣ ለውጥ ያመጣል?

በእጁ የሞከረ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል። ሰኔ ሳይገባ ማፍሰስ አለብኝ።