የእማዬ መድኃኒት ሊያልቅ ነው፣ ኢንሹራንስም የላትም

የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ በግሪን ካርድ አሜሪካ ከገባች ወር ሊሞላት ነው። 67 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣችው የስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ፣ የግፊቱም አምሎዲፒን ሁለት ሳምንት ቢያደርሳት ነው። የመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ እናት አያስገባም። ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ስጠይቅ ደግሞ አይሆንም አሉኝ። በዚህ ላይ ሁዳዴ እየገባ ነው፤ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልጾም አልውልም» ትላለች። ያለፈው ዓርብ ጾማ ሳለ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ ላብ በላብ ሆና አገኘኋት። ስኳር የበዛበት ሻይ ስሰጣት ተመለሰች። የት ልውሰዳት? ያለፈበት ሰው ይንገረኝ፣ በእናታችሁ።

ነርስ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ
እህቴ፣ እግዚአብሔር አተረፋት። የነገርሽን ምልክት ስኳር ሲወርድ የሚታይ ነው። ግሊቤንክላሚድ ሰው በላም አልበላም ስኳርን ማውረዱን አይተውም፤ አዛውንት ላይ ደግሞ ብዙ ሰዓት ይቆያል። እዚህ አገር ሐኪሞች ለትልልቅ ሰዎች ማዘዝ የማይወዱት ለዚህ ነው። በራስሽ ግን አታቋርጪው፣ አትቀንሺውም፤ ሐኪም ይወስን። ዛሬውኑ ፋርማሲ ሄደሽ የስኳር መለኪያ ግዢ፣ ማዘዣ አይጠይቁሽም። ከ70 በታች ካሳየ ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ጠጥታ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ትለካ። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም ሳትሰጪ 911 ደውዪ። ድንገተኛ ክፍል ኢንሹራንስ የለሽም ብሎ ሳያያት አይመልሳትም፤ ከ1986 ጀምሮ ሕግ ነው። ሂሳቡ በኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ ያኔ የሆስፒታሉን የገንዘብ ድጋፍ ቅጽ ጠይቂ።
ለመድኃኒቱ ደግሞ በአካባቢሽ ያለ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያ ፈልጊ። ከፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የሚያገኙት እንደ ገቢ መጠን ነው የሚያስከፍሉት፤ መክፈል አልቻልሽም ብለው አይመልሱም። አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ያለ ኢንሹራንስም ርካሽ ናቸው፤ ዋናው ማዘዣው ነው።

ታክስ ሠሪ፣ ስፕሪንግፊልድ
ነርሷ ያለችው ልክ ነው፤ ግን ቀኑ እየሄደብሽ መሆኑን ማንም አልነገረሽም። ሜዲኬይድ ለአብዛኛው ግሪን ካርድ ያዥ አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ከ1996ቱ ሕግ የመጣ ነው። ሜዲኬርም (የአዛውንት የመንግሥት ኢንሹራንስ) 65 ስለሞላ ብቻ አይሰጥም፤ እዚህ ሠርቶ ያልከፈለ ሰው አምስት ዓመት ኖሮ፣ እሱንም ገዝቶ ነው የሚገባበት። የሚቀረው ሰው በራሱ ኢንሹራንስ የሚገዛበት የክልሉ የኢንሹራንስ ገበያ ነው። ከውጭ አገር ለገባ ሰው መመዝገቢያ 60 ቀን ይሰጣል። ካለፈሽ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ምዝገባ ትጠብቂያለሽ።
ሁለተኛ፣ እናትሽን በታክስሽ ላይ ጥገኛ አድርገሽ የምታስገቢያት ከሆነ የገበያው ማመልከቻ በአንቺ ቤተሰብ ገቢ ነው የሚሠራው። ብቻዋን ገቢ የላትም ብለሽ ብታመለክቺ፣ ከ2026 ጀምሮ ከድህነት መስመር በታች ያለ ግሪን ካርድ ያዥ፣ ሜዲኬይድ በመኖሪያ ወረቀቱ ምክንያት ቢከለከልም፣ ለኢንሹራንሱ ክፍያ ድጎማ አያገኝም። ስንት ሰው በዚህ ሲሳሳት አየሁ! ገቢያችሁ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ድጎማው ሊያንስ ወይም ጭራሽ ሊቀር ይችላል።

ሌሊት ሠራተኛ፣ ሚኒያፖሊስ
ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል፤ እኛም ቤት ይኸው ጭቅጭቅ ነው። አባቴ ሐኪሙን ጠይቆ የመድኃኒቱን ሰዓት አስቀየረ፤ ኢማሙም የታመመ አይገደድም ብለው ራሳቸው ነገሩት። የናንተም የንስሐ አባት ቢነግሯት ከልጅ አፍ ከምትሰማው ይሻላል።
ግን እህቴ፣ ከስኳሩ ይልቅ ቤት መዋሉን ፍሪ። አባቴ መርካቶ ሲውል ሰላምታ የሚለዋወጠው ሰው አይቆጠርም ነበር። እዚህ በክረምት ከሶፋ አይነሳም፤ እኔ ቀን እተኛለሁ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ያወሩታል። ግፊቱ የወጣው እዚህ ነው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የአገሩ ሰዎች ጋ አደርሰዋለሁ፤ ያን ቀን ምግብም በደንብ ይበላል።

ከዳላስ
እውነቱን እንነጋገር። እናቶቻችንን የምናመጣው ልጅ እንዲጠብቁልን ነው። የዴይኬር ብር ለማዳን ብለን ጎረቤት፣ ቡና፣ ቤተ ክርስቲያን ያላትን ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ እንዘጋባታለን። ለኢንሹራንስ የምትከፍዪውን ወር በወር ብትልኪላት አዲስ አበባ በግል ሐኪም ቤት ትታከማለች።

የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ
ወንድሜ፣ አታውቀኝም። አባቴ ካረፈ በኋላ እማዬ ብቻዋን ነበረች፤ ሌሊት ስኳሯ ቢወርድ የሚያያት ሰው የለም። ብር እልክላት ነበር፣ አሁንም ለእህቶቼ እልካለሁ። ብር ሻይ አያፈላላትም። ልጆቼን የምትይዘው ደግሞ እየለመነችኝ ነው።

ከዳላስ
አንቺን ለይቼ አልተናገርኩም። ግን እናቶቹን ማን ጠየቃቸው? የእኔ እናት «ተመቸኝ» እያለች ኖረች፤ ምን ያህል እንደከፋት የሰማሁት ከሞተች በኋላ ከአክስቴ ነው።

ታክስ ሠሪ፣ ስፕሪንግፊልድ
እናትን ወደ አገር ቤት መመለስም ቢሆን በአንድ ቃል የሚወሰን አይደለም። ያለ መመለሻ ፈቃድ ከዓመት በላይ ከቆየች ግሪን ካርዷን ልታጣ ትችላለች።

ሌሊት ሠራተኛ፣ ሚኒያፖሊስ
ሰውዬው ስለ እናቱ ሐዘን እየተናገረ ነው፣ አንተ ስለ ፈቃድ ታወራለህ። ደግሞ ዳላስ፣ ሐዘንህን በሷ ላይ አታውጣው። መድኃኒት ነው የጠየቀችው።

የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ
ጤና ጣቢያው ጋ ደወልኩ፤ ቀጠሮ የሰጡኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መድኃኒቱ እስከዚያ አይደርስም። ነርሷ፣ ያለ ቀጠሮ ብወስዳት ያዩልኛል?

ከዳላስ
እኔ ማንም ላይ አላወጣሁም። እናቶች ይጠየቁ ነው ያልኩት፤ አሁንም እላለሁ።