ካታሊስት ኢኩሊብሪየምን ካልለወጠ የአሞኒያ ፋብሪካ ለምን ይጠቀምበታል?

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)፦
ለአገር አቀፍ ፈተና ስዘጋጅ ሁለት ነገሮች አልገጣጠም ብለውኛል። ከናይትሮጂንና ከሃይድሮጂን አሞኒያ የሚገኝበት አጸግብሮት ሙቀት የሚያወጣ ስለሆነ፣ በሌ ሻተልየ መርህ መሠረት መጠነ ሙቀቱ ሲቀንስ ምርቱ ይጨምራል ተብለን ተምረናል። ታዲያ ፋብሪካዎች ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያሞቁት ለምንድን ነው? ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ አጸግብሮትን የሚያፋጥን) የሆነው ብረትስ ኢኩሊብሪየሙን፣ ማለትም አሞኒያ ወደ ፊት የሚፈጠርበትና ወደ ኋላ ተመልሶ የሚፈርስበት ፍጥነት እኩል የሚሆንበትን ሁኔታ፣ ካላንቀሳቀሰ ጥቅሙ ምንድን ነው? ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦
መጠነ ሙቀት ሲጨምር ወደ ኋላ የሚሄደው አጸግብሮት ይፈጥናል፣ ወደ ፊት የሚሄደው ይዘገያል፤ ስለዚህ አሞኒያው ይቀንሳል። ፋብሪካው የሚያሞቀው ፍጥነት ስለሚፈልግ ነው።

መልስ (የኬሚስትሪ መምህር)፦
«ወደ ፊት የሚሄደው ይዘገያል» የሚለው መታረም አለበት፤ ብዙ ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡት እዚህ ላይ ነው። ሙቀት ሲጨምር ሁለቱም አቅጣጫዎች ይፈጥናሉ፤ ሆኖም ወደ ኋላ የሚሄደው አጸግብሮት ከፍ ያለ አክቲቬሽን ኢነርጂ (አጸግብሮቱ እንዲካሄድ መታለፍ ያለበት የጉልበት መጠን) ስላለው ይበልጥ ይፈጥናል፤ ኢኩሊብሪየሙም ወደ ናይትሮጂንና ሃይድሮጂን የሚያዘነብለው በዚህ ምክንያት ነው። ካታሊስት ግን አክቲቬሽን ኢነርጂውን ለሁለቱም አቅጣጫዎች በእኩል መጠን ስለሚቀንስ፣ ሁለቱም በእኩል እጥፍ ይፈጥናሉ። እዚያው ኢኩሊብሪየም ላይ እንደርሳለን፤ የሚያጥረው ጊዜው ነው።

መልስ (ኬሚካል መሐንዲስ)፦
እኅቴ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችሽ በፋብሪካው ውስጥ አንድ ናቸው። የናይትሮጂንን ሦስትዮሽ ትስስር ለመበጠስ በሞል 945 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያለ ካታሊስት አጸግብሮቱ በሚጠቅም ፍጥነት እንዲሄድ በጣም ማሞቅ የግድ ይሆናል፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ የሚገኘው አሞኒያ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብረቱ ናይትሮጂንን በገጹ ላይ ይዞ ትስስሩ በቀላሉ እንዲበጠስ ስለሚያደርግ፣ ዝቅ ባለ መጠነ ሙቀት መሥራት ይቻላል። የካታሊስቱ ትልቅ ውለታ በእኔ እምነት ይህ ነው፤ ኢኩሊብሪየሙን ራሱ ሳይነካ የተሻለ ኢኩሊብሪየም ወዳለበት መጠነ ሙቀት እንድንወርድ ያደርገናል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ200 አትሞስፌር ግፊት፣ በ400 ዲግሪ በኢኩሊብሪየም ላይ ካለው ጋዝ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አሞኒያ ሲሆን፣ በ500 ዲግሪ ከአንድ አምስተኛ በታች ይወርዳል። ፍሪትዝ ሃበር በ1909 (እ.ኤ.አ.) ሂደቱን ሲያሳይ የተጠቀመው በኦስሚየም ነበር፤ ብርቅና ውድ በመሆኑ እነ አልዊን ሚታሽ በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ፈትነው ርካሹን የብረት ካታሊስት አገኙ፤ በ1913ም በጀርመን ኦፓው ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። ለማሳችን የምንገዛው ዩሪያም የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው። ፋብሪካው አሞኒያውን አቀዝቅዞ በፈሳሽ መልክ ያወጣል፣ የተረፈውን ጋዝ መልሶ ያስገባል፤ ስለዚህ በአንድ ዙር ሙሉ ምርት መጠበቅ አያስፈልገውም።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ኢኩሊብሪየም ላይ ባለ ድብልቅ ብረት ቢጨመር፣ መጠነ ሙቀቱና ግፊቱ ሳይለወጡ የአሞኒያው መጠን አይለወጥም ብዬ ልመልስ?

የኬሚስትሪ መምህር፦
አዎን፣ አይለወጥም። ግፊት ቢጨመር ግን አሞኒያው ይጨምራል፤ የኢኩሊብሪየም ኮንስታንቱ (የውጤቱና የመነሻዎቹ መጠኖች በኢኩሊብሪየም ላይ በቀመር ሲሰሉ የሚሰጡት ቁጥር) ግን ያን ጊዜም ያው ነው፤ እሱን የሚለውጠው መጠነ ሙቀት ብቻ ነው።