ወንድሜ እስኪወድቅ ድረስ ኤችአይቪ የሚመረምረው ሰው ለምን ጠፋ?

እህት ከባሕር ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ። ታላቅ ወንድሜ እየከሳ፣ ማታ ማታ እያላበው እዚሁ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ከረመ። ታይፎይድ ተባለ፣ ወባ ተባለ፣ ጨጓራ ተባለ። ጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ ሲወጣበት እንኳ ቅባት ጽፈውለት ሸኙት። በሄደ ቁጥር ደም ይቀዳል፤ "ኤችአይቪስ እንይልህ?" ያለው ግን የለም። በመጨረሻ ቲቢ ሲገኝበት ነው የተመረመረው። ቫይረሱ ደሙ ውስጥ አለ። አሁን የሁለቱንም መድኃኒት ጀምሯል፣ ተመስገን። እኔ ግን አልበርድ አለኝ። ደሙ እጃቸው ላይ እያለ ለምን አላዩትም?

ነርሷ፦
እህቴ፣ ብትናደጂ እውነትሽን ነው። ደም ስለተቀዳ ብቻ ሳያስፈቅዱ መመርመር አይቻልም፤ መጠየቅ ግን የእኛ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው መመሪያም ታካሚው እስኪጠይቅ አትጠብቁ፣ ራሳችሁ አንሱት ነው የሚለው። አልማዝ ባለጭራ፣ ቲቢ፣ የአባላዘር በሽታ፣ አልቆም ያለ ተቅማጥ ያለበት ሰው ሳይጠየቅ ከክፍሉ መውጣት የለበትም።

ለምን አይደረግም ካልሽ፣ አንዱ ሰልፉ ነው። ትልቁ ግን ማፈር ነው። ጋቢ የለበሱ ትልቅ አባት ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለ ኤችአይቪ ማንሳት ለብዙ ባለሙያ እንደ ስድብ ይሆንበታል። እኔ "እንዲህ ያለ ሕመም ይዞት ለመጣ ሁሉ የኤችአይቪ ምርመራ አብረን እናደርጋለን፣ ካልፈለጉ ይንገሩኝ" እላለሁ። ለሽማግሌውም ለተማሪውም ያው ንግግር ነው። መርጠሽ ከጠየቅሽ ነው ሰው የሚከፋው። ጣት ተወግቶ በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤቱ ይታወቃል።

የዘጌ ልጅ፦
ልክ ነሽ፣ ግን የሚጠየቅበት ቦታም ይታሰብበት። በሩ ክፍት፣ ቀጣዩ ታካሚ ደፉ ላይ ቆሞ እየሰማ ማን እሺ ይላል? እኛ ጋ ሁሉም ይተዋወቃል። ለምርመራ ብሎ በጀልባ ባሕር ዳር የሚሻገር ሰው አውቃለሁ፣ ጤና ጣቢያ ርቆት ሳይሆን ዓይን ፈርቶ።

የሁለት ልጆች እናት፦
የእርግዝና ክትትል ላይ እኮ ይሄ ድሮ ተለምዷል። ደም ዓይነት፣ ደም ማነስ፣ ኤችአይቪ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ለሁላችንም ስለሆነ ያኮረፈ አላየሁም።

እህት ከባሕር ዳር፦
ነርሷ፣ ሚስቱና ልጆቹስ? ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ምንም አይታይባቸውም።

ነርሷ፦
ሚስቱ በቶሎ ትመርመር። ልጆቹም ደህና ቢመስሉም እናትየው ላይ ከተገኘ ወይም ውጤቷ ካልታወቀ ይመርመሩ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። እሷ ላይ ቫይረሱ ካልተገኘ ከ3 ወር በኋላ ትድገም፣ ምክንያቱም ቅርብ ጊዜ የገባ ቫይረስ በምርመራው ላይታይ ይችላል። እሱ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰና እዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ አያስተላልፍባትም። እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀሙ።