ጀልባዋን እንግዛ? የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት (ደብረ ብርሃን)

ጸሐፊ፦ እንዴት ዋላችሁ። እሑድ የተነሳውን ሐሳብ ወረቀት ላይ ላስፍረው ብዬ ነው። ላንጋኖ ዳር ያየናት ባለ 22 ጫማ የሸራ ጀልባ ትሸጣለች። ፋይበር ግላስ ናት፤ ዕድሜዋ ከአብዛኞቻችን ይበልጣል። አራት ሰው ታስተኛለች። ረቂቁ «ማኅበሩ ጀልባዋን ይገዛል» ይላል። በሉ አስተያየት ስጡበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብለን ላንጋኖ ላይ ጀልባ? አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ደግሞ 200 ገደማ። ነፋስ ከሆነ የፈለግነው ጣርማ በር አለልን እኮ።

መርከበኛው፦ ሃሃ፣ እሱስ እውነት ነው። እኔ ግን የፈራሁት መንገዱን አይደለም። ለቦዲዋም ብዙ አልሰጋም፤ ያኔ ፋይበሩን ወፈር አድርገው ነበር የሚሠሩት። የሚያሰጋኝ የላይኛው ወለል ነው። እንዲህ ዓይነት ጀልባ ላይ ብዙ ጊዜ በሁለት የፋይበር ንጣፍ መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ይገባል። በብሎን ቀዳዳ ውሃ ከሰረገ እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል፤ ከላይ ሲያዩት ግን ምንም አይመስልም። መፈተሻው በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ ማድረግ ነው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ድፍን ይላል። ሌላው ምሰሶውን ወጥሮ የያዘው ካቦ ነው። ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራል። የእሷ ከተሠራች ወዲህ የተነካ አይመስልም። አንዱ ከተበጠሰ ምሰሶው አናታችን ላይ ነው።

አናጺው፦ ማንኳኳቱን ለእኔ ተዉት። እሑድ ዕለት ጀልባዋ ከሥር ቀዳዳ አላት ያልከው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

መርከበኛው፦ አይዞህ ጋሼ፣ የውሃ ማስገቢያና ማስወጫ ነው። በየአንዳንዱ አጠገብ ሾጣጣ እንጨት በገመድ ይታሰራል። ቧንቧው ከተሰበረ መወተፍ ነው።

አናጺው፦ የጋን ውታፍ በለኛ! ደርዘን እሠራለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ስለ ሸራውም ልናገር። የእድሩን ድንኳን የምሰፋው እኔ ስለሆንኩ ሁሉም እኔን ያየኛል። ጨርቁ የጀልባ ፖሊስተር መሆን አለበት፤ የድንኳኑ አይሆንም። ግን ጨርቁ ደህና ሆኖ ክሩን ነው ፀሐይ ቀድሞ የሚበላው። ስፌቱን ደግሜ ብሄድበት ሸራው ገና ያገለግላል። መሸፈኛም እሠራለታለሁ። ለመኝታው የመንዝ ባና ይዤ እመጣለሁ፣ ሌላ አልችልም።

መርከበኛው፦ እትዬ፣ ይህቺ ብቻ ብዙ ወጪ ታድነናለች። አንድ ነገር ልጨምር። ሐይቁ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው 15 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ሸራውን በዚያው ልክ ቀንሶ ይገፋል፤ ሞተሩም ጉልበት ያንሰዋል። ስለዚህ ሻጩ «ጠንካራ ሞተር ነው» ሲል ቀንሳችሁ ስሙት።

ገንዘብ ያዥ፦ እንግዲያው ረቂቁ ይቀየር። ለግዢ የምናወጣውን ያህል ለዕቃና ለጥገና ካልተቀመጠ እኔ ቼክ አልፈርምም። ርካሽ ጀልባ ገዝቶ ካቦ ፍለጋ መዞርን አላውቅበትም።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ እንዲህ አስተካክዬዋለሁ። «ጀልባዋ የምትገዛው ወለሏ ተፈትሾ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። የግዢውን ያህል ገንዘብ ለካቦ፣ ለሸራ፣ ለመልህቅና ለሕይወት አድን ጃኬት ይያዛል። ማንም ሰው ጃኬት ሳይለብስ አይሳፈርም፤ ዋና የማይችል ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ይማራል።»

ገንዘብ ያዥ፦ የመጨረሻዋ ለእኔ ናት አይደል?

ጸሐፊ፦ ከመርከበኛው በቀር ለሁላችንም ናት።

መርከበኛው፦ እኔንም ጨምሩኝ። ስምንት ዓመት ሞተር ክፍል ነው የነበርኩት።