«ለአንድ ሌንስ ይህን ያህል ገንዘብ?» ለሚለኝ ሰው ምን ብዬ ልመልስ?

ጥያቄ፦
ከአራት ዓመት በፊት የሦስት ወር ደመወዜን የሚያህል ገንዘብ አውጥቼ ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚደርስ፣ እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፈት ዙም ሌንስ ገዛሁ (ሚሊሜትሩ በበዛ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል)። ፎቶግራፍ መተዳደሪያዬ አይደለም፤ የማነሳው ቅዳሜና እሁድ ሲሆን አብዛኛው የልጆቼ የአዳራሽ ውስጥ ጨዋታና የዘመድ ሠርግ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴን «እሠራበታለሁ፣ ዋጋውን ራሱ ይመልሳል» ብዬ አሳምኛት ነበር፤ እስካሁን ግን ሰባራ ሳንቲም አላስገባልኝም። አሁን ካሜራዬ ስላረጀ አዲስ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራውን ብቻ) ለመግዛት ሐሳብ ባቀርብ የድሮው ቃሌ ተነሣብኝ። ለፍቅሩ ብላችሁ የምታነሱ ሰዎች፣ እንዲህ ያለውን ወጪ በምን ሒሳብ ታስረዳላችሁ?

መልስ፦
ሌንሱ ለምን እንደተወደደ መጀመሪያ ያስረዱ። በ200 ሚሊሜትር ላይ ኤፍ 4 የሚከፈት ሌንስ የብርሃን መግቢያው ወርድ 50 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የእርስዎ ግን 71 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የሚያስገባው ብርሃን እጥፍ ነው፤ ያንን የሚሸከም ትልቅ መስታወት አጥርቶ መሥራት ነው ዋጋውን የሚያንረው። ደብዘዝ ባለ አዳራሽ ውስጥ ሌላው ሰው በሰከንድ 1/250 ሲያነሳ እርስዎ በዚያው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) በ1/500 ያነሳሉ፤ የሚሮጥ ልጅ እጁ ተድበስብሶ መውጣቱና አለመውጣቱ እዚህ ላይ ይለያል። ወጪውን ደግሞ ከተገዛበት ዋጋ ላይ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን ቀንሰው ለአራት ዓመት ያካፍሉት። ቦዲ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ዋጋው ይወድቃል፤ ጥሩ ሌንስ ግን ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ዛሬም በአዳፕተር (በማገናኛ ቀለበት) አማካይነት ሚረርለስ በሚባሉት፣ ውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት በሌላቸው የኩባንያው ካሜራዎች ላይ ይሠራል።

ሌላ መልስ፦
ከላይ በተሰጠው መልስ ግማሹን እቀበላለሁ። መሸጫ ዋጋን የሚያሰላ ሰው በእርግጥ የሚሸጥ መሆን አለበት፤ ለማይሸጥ ሰው ያ ገንዘብ የሕልም እንጀራ ነው። ይልቅስ ካሜራው በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የትኩረት ርቀቱን (ሚሊሜትሩን)፣ የአፐርቸሩን መጠን (የኤፍ ቁጥሩን) እና ፍጥነቱን ስለሚመዘግብ ስንቱን ፎቶ በምን እንዳነሱ ይቁጠሩ። እኔ ኤፍ 1.4 የሚከፈት 24 ሚሊሜትር ሌንስ ነበረኝ፤ «ያለ እሱ አልሠራም» እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬ፣ የዓመቱን ፎቶዎች ስመለከት አብዛኛዎቹን በኤፍ 5.6 እና በኤፍ 8 አንስቻቸው ኖሯል። አፍሬ ሸጥኩት፤ በገንዘቡም ቀለል ያለ ሌንስና ደህና ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ገዛሁ። (በነገራችን ላይ፣ ከዚያ በፊት ርካሽ ትራይፖድ ሦስት ጊዜ ገዝቼ ሦስቱም ተሰብረውብኛል፤ ያንን ወጪ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።)

ሌላ መልስ፦
ባለቤትዎ ቅር የተሰኙት በሌንሱ ሳይሆን «ይመልሳል» በተባለው ቃል ይመስለኛል። ደስ ስለሚለኝ ገዛሁት ቢሏቸው ኖሮ ክርክሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ምሽት ተቀምጬ ቆጠርኩ፦ ካስቀመጥኳቸው 2,340 ፎቶዎች 1,612ቱ በኤፍ 2.8 የተነሱ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም የሚበዙት ከ150 ሚሊሜትር በላይ ናቸው። ስለዚህ ሌንሱ ይቆያል፤ «ይመልሳል» ማለቴ ግን ስህተት እንደነበር ለባለቤቴ ነግሬያታለሁ። ቦዲውን በተመለከተ፣ አቃተው ብዬ የማሳያት አንድም ፎቶ ፈልጌ አጣሁ። ያረጀው የእጅ መያዣው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱንም ትናንት በማስቲሽ አጣብቄዋለሁ።