የቮልስ ሳልባትዮ (የቤንዚን መያዣ) ያፈሳል፤ ይበየድ ወይስ ይቀየር?

የአባቴ ቮልስ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው። የአባቴን የድሮ ቮልስ እኔ ነኝ የምነዳት። ሰሞኑን ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጠዋት ስመጣ ከፊት ጎማዎቹ መሃል መሬቱ ርሶ አገኘዋለሁ። ቤዛዊትን ስወጣማ መስኮት ካልከፈትኩ አልችለውም። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ "ሳልባትዮው በስብሷል፣ አውርደን እናስበይድልሽና ዛሬውኑ ትወስጃታለሽ" አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ሳሙና ለጥፊበት ይለኛል። ስንት ሰዓት ተሰልፌ የቀዳሁት ቤንዚን መሬት ሲጠጣው አንጀቴ እርር ይላል። ምን ይሻለኛል? ሌላ ሳልባትዮስ ይገኛል?

የጣና ዳር ልጅ
እህቴ፣ ሳሙናውን አትናቂው። ደረቅ የልብስ ሳሙና ቤንዚን ቶሎ አያሟሟውም፣ ስለዚህ ጠበቅ አድርገሽ ቀዳዳው ላይ ብታሺው ለጊዜው ይይዛል። ከሐሙሲት ባሕር ዳር ለመግባት ይሆናል። ክረምት ላይ ግን ውሃ ሲነካው ሟሙቶ ይሄዳል። መንገድ ላይ ካልቀረሽ በቀር አትመኪበት።

ጡረታ የወጣ መካኒክ
ልጄ፣ በያጅ ጋ እንዳይሄድ። ሰው "ባዶ ነው፣ ምን ይሆናል" ይላል፣ ክፉው ግን ባዶው ነው። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው። ከአየሩ ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ የሚሆነው የቤንዚን ትነት ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ተገልብጦ የተንጠባጠበ ሳልባትዮ ውስጡ ልክ እንደዚያ ነው፣ በስፌቱና በዝገቱ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቀስ እያለ ይተናል፣ እሳት ሲቀርበው ደግሞ ይብሳል።

ደግሞም በመጀመሪያ ሳልባትዮው መሆኑን ማን አረጋገጠ? የቮልስ ሳልባትዮ ከፊት ኮፈኑ ስር ነው፣ ወደ 40 ሊትር ይይዛል፣ ሞተሩ ደግሞ ከኋላ። ከሳልባትዮው ስር አንዲት አጭር የጎማ ቱቦ ወጥታ በመኪናው ወገብ ወደ ኋላ ከሚሄደው የብረት ቧንቧ ጋር ትገናኛለች። ብዙ ጊዜ የምታፈሰው እሷ ናት። ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ከዚያም የታችኛው ወንፊት ጋስኬት አለ። ታቹን በደንብ ጠርገሽ አድርቂና የጠመኔ ዱቄት ነስንሺበት። ትንሽ ቆይተሽ እዪው፣ መጀመሪያ የረጠበው ቦታ ይነግርሻል። ጎማዋ ከሆነች በትንሽ ብር ተገላገልሽ።

የላሜራው ታች ራሱ ካላበ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል። በጀሪካን ከየሱቁ የተገዛ ቤንዚን ስንት ነገር ይዞ እንደሚመጣ ታውቂዋለሽ፣ ግማሽ ሆኖ የሚያድር ሳልባትዮም ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ውሃው ታች ይተኛና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ከውጭ አንድ ቀዳዳ ስታዪ ውስጡ ወንፊት ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንዱን ብትደፍኚ ከጎኑ ሌላ ይከፈታል። ስለዚህ ቀይሪው።

ጋራዥ ሰፈር
ጋሼ ልክ ብለዋል፣ ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኛ ጋ በፈሳሽ ሳሙና ደጋግመው አጥበው፣ በውሃ ሞልተው፣ የሚበየደውን ቦታ ብቻ ከላይ አድርገው ሲበይዱ አይቻለሁ። እንደዚያስ አይሆንም?

ጡረታ የወጣ መካኒክ
ከባዶው ይሻላል። ግን ልጄ፣ የተበላ ላሜራ ብየዳውን አይሸከምም፣ እሳቱ ሲነካው ይቀደዳል። ላሜራው ጤነኛ ሆኖ ድንጋይ የበሳው ከሆነ በደንብ ታጥቦ በሊድ ማቅለጫ ካውያና በሊድ ይደፈናል፣ ነበልባል ሳይጠጋው። ካውያውንም እዚያው ሳይሆን ራቅ ብሎ አግሎ ማምጣት ነው።

ለማውረድ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል፣ ከኋላ መቀመጫ ስር ነው ያለው። (መቀመጫውን ስታነሺ የባትሪው ክዳን መኖሩን እዪ። ከሌለ የመቀመጫው ሽቦ ጫፎቹን ይነካና ቃጠሎ ያስነሳል፣ ቮልስ በዚህ ትታወቃለች።) ከዚያ ቤንዚኑን ከታች በጎማው አውርዱት፣ የጋላጃንቱን (የቤንዚኑን መጠን የሚያሳየውን) ገመድ ወይም ሽቦ ፍቱ፣ አራቱን ቡሎን በ13 ቁልፍ አውልቁና ወደ ላይ አንሱት። ሥራው ሜዳ ላይ ይሁን። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ አትውሰዱት፣ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ እዚያ ይተኛል። የቡናው ከሰልም ከአጠገቡ ይነሳ! ሲመለስ ዙሪያው ላይ ያለው ስፖንጅ አዲስ ይሁን፣ ከሌለ ሽታው ወደ ውስጥ ይገባል።

ሶማሌ ተራ ደንበኛ
አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያገለገለ አስፈልጊ። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ስለተመረተች አዲስ ተሠርቶ የሚሸጥም አለ፣ ግን ከውጭ ማስመጣት ነው። ከማዘዝሽ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን እዪ፣ ከኋላ መቀመጫ ስር መሃሉ ላይ ተመቶበታል። ዘጠኝ አሃዝ ሆኖ በ11 ከጀመረ ሦስተኛው ዓመቱን ያሳያል። 117 የ1967፣ 118 የ1968 ሞዴል። በፈረንጅ ነው፣ በእኛ እንዳትቆጥሪው። ያገለገለውን በአውቶቡስ ከማስላክሽ በፊት ታጥቦ ደርቆ ይምጣ፣ ሽታ ካለው እንዳይጭኑት ንገሪያቸው።

የአባቴ ቮልስ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠመኔውን ነሰነስኩ። ጎማዋም ተሰንጥቃለች፣ የላሜራው ታችም በሁለት ቦታ ረጠበ። ቁጥሩ 116 ብሎ ይጀምራል። ቤንዚን የምቀዳው ኮፈኑን ከፍቼ ነው።

ሶማሌ ተራ ደንበኛ
የ1966 ናት ማለት ነው። ከ1968 በፊት የነበረውን በይ። ከዚያ ወዲህ ያለው መሙያው በቀኝ ጎን ስለሚወጣ አይገጥምሽም። ጎሚኒና ጋስኬቱን አብረሽ ግዢ።

ጡረታ የወጣ መካኒክ
የአንቺ ጋላጃንት በገመድ ነው የሚሠራው፣ ሲያወርዱት እንዳይበጥሱት። እስኪመጣልሽ ድረስ ቤንዚኑን አውርደሽ ደጅ አቁሚያት፣ ቤት ውስጥ አታስገቢያት። ጎማዋን ለቤንዚን የተሠራውን ግዢ፣ የውሃ ጎማ በአጭር ጊዜ ይላቁጣል።